በምርጫ ሰሞን የሚቀርብ ክስ በጥንታዊት ሮም

አንድ የፖለቲካ መሪ ምርጫ በተቃረበበት ሰሞን በወንጀል ሲከሰስ፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የተከሳሹን ሥራ ሳይሆን የከሳሹን ልብ ነው። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ከመባሉ በፊት፥ ለምን ዛሬ ቀረበ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 በብራዚል ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ ተዘጋጅተው የነበሩት ሉላ ዳ ሲልቫ ተፈርዶባቸው ከምርጫው ሲወጡ፥ በ2021ም ያው ፍርድ ሲሻር፥ የአገሪቱ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ የተከራከረው በዚሁ ጥያቄ ነበር። ከጥንት ሕዝቦች መካከል ይህን ነገር ደጋግመው የተከራከሩበት፥ ክርክራቸውንም በብዙ ጽሑፍ ያቈዩ ሮማውያን ናቸው።

ስለ ሮም ሪፑብሊክ የመጨረሻ ዘመን ያለው ማስረጃ የበለጸገ ነው። ታላቁ ተናጋሪ ሲሴሮ በከሳሽነትም በጠበቃነትም ቆሞ ያደረጋቸው ንግግሮች፥ ለወዳጁ ለአቲኩስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች፥ በመጀመሪያው መቶ ዓመተ ምሕረትም አስኮንዩስ የተባለው ሊቅ ለልጆቹ ማስተማሪያ ብሎ በነዚሁ ንግግሮች ላይ የጻፈው ትርጓሜ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ፕሉታርክ የጻፋቸውም የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪኮች አሉ። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቈጠሩ ናቸው።

ብዙ ጸሐፊዎች የሮምን የምርጫ ሰሞን ክስ የፖለቲካ መሣሪያ ነበር ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ምንም አያስረዳም። በሮም የታላላቅ ሰዎች ክስ ሁሉ የፖለቲካ ነበርና፥ ፖለቲካ መሆኑ ብቻ አንዱን ክስ ከሌላው አይለየውም። የሚለየውን ለማግኘት ክሱ በማን እጅ እንደሚቀርብና ሕጉ በየትኛው ወራት በር እንደሚከፍትለት መመልከት ያሻል።

በሮም እንደ ዛሬው መንግሥት ደመወዝ ከፍሎ የሚያቆመው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። በ149 ዓመት ሹማምንት ከጠቅላይ ግዛቶች ሕዝብ በግፍ የወሰዱት ገንዘብ የሚጠየቅበት ቋሚ ችሎት ተቋቋመ፤ ከዚያም ሱላ በ81 ዓመት ገደማ ለልዩ ልዩ ወንጀሎች ይህን የመሰሉ ችሎቶችን አበዛ። ችሎቱን የሚመራው ብዙ ጊዜ ፕሬቶር የተባለው ሹም ነው፤ ፍርዱን በድምፅ የሚሰጡት ግን ከባለጸጎችና ከመኳንንት ወገን የተመረጡ ብዙ ዳኞች ነበሩ። ክስ ማቅረብ የሚችለው ስሙ ያልጐደፈ ማንኛውም ዜጋ ነው። ከሳሹ ማስረጃውን ራሱ ይሰበስባል፤ ምስክሮቹን ራሱ ይጠራል፤ በአደባባይም ራሱ ይቆማል። ቢረታ ሕጉ ሽልማት ይሰጠዋል፤ ሆን ብሎ በሐሰት መክሰሱ ቢረጋገጥ ደግሞ ራሱ ይቀጣል።

ስለዚህ ከሳሽ ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም አይደብቅም። ወጣቶች ስማቸውን ለማስጠራት ይከሱ ነበር። ሉክዩስ ክራሱስ በ119 ዓመት፥ ገና የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ የቀድሞውን ቆንስል ካርቦን ከሰሰ፤ ዩልዮስ ቄሣርም በ77 ዓመት ዶላቤላን ከሶ ባይረታም ታወቀበት። ሌሎች ደግሞ ቂም ለመወጣት ይከሱ ነበር፤ ይህም እንደ ነውር አይቈጠርም። ሉኩሉስና ወንድሙ አባታቸውን ያስፈረደበትን ሰው በተራቸው ወደ ችሎት ባቀረቡት ጊዜ ሕዝቡ እንዳደነቃቸው ፕሉታርክ ይተርካል። በ56 ዓመት ኬልዩስ የተባለ ወጣት ቤስትያን በምርጫ ጉቦ ከሰሰው፤ ቤስትያ ነጻ ቢወጣ ዳግመኛ ሊከሰው ተነሣ፤ የቤስትያ ልጅ አትራቲኑስም በ17 ዓመቱ ኬልዩስን በሌላ ወንጀል ከሶ አቆመው። በሌላ አገር በጦርና በጐራዴ የሚመለሰው ደም በሮም በችሎት ይመለስ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህ ሥርዐት ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሙግትም ባለጉዳዩ ራሱ ተነሥቶ በላ ልበልሃ እያለ ይሟገት፥ ዋስ ይጠራ፥ በማርና በበቅሎ ይወራረድ ነበር፤ ተከሳሹም እንዳይሰወር ከከሳሹ ጋር በልብሳቸው ጫፍ ተቈራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በሮም ግን ቁራኛው ተገላቢጦሽ ነው። ከሳሹ ማስረጃውን በተንኰል እንዳያዘጋጅ፥ ምስክርም እንዳይገዛ፥ ተከሳሹ የሚከተለው ጠባቂ ያቆምበት ነበር። ሕጉ ከሳሹ ጠላት መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፤ በማወቁም ክሱን አልከለከለም፤ ጠላትነቱ ማስረጃውን እንዳያበላሽ ብቻ ተጠነቀቀ። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ከምናውቀው ይለያል። ዛሬ ከሳሹ መንግሥት በመሆኑ ልበ ንጹሕ መሆን ይጠበቅበታል፤ ልቡ ንጹሕ ካልሆነ ክሱ ሁሉ ይጠረጠራል። ሮማውያን ግን ከከሳሽ የልብ ንጽሕናን አልጠበቁም።

ቀጥሎ የዘመኑን አቈጣጠር ማስተዋል ያሻል። ቆንስሎች የሚባሉት ሁለት ሁለት እየሆኑ በየዓመቱ የሚመረጡ የሪፑብሊኩ ከፍተኛ ሹማምንት ናቸው፤ ስሙ እንጂ ሥራው ከዛሬው የውጭ አገር ቆንስል ጋር አይገናኝም። ከሱላ ዘመን ወዲህ ምርጫቸው እንደ ልማድ በሐምሌ ይደረጋል፤ ሥልጣናቸውን የሚረከቡት ጥር 1 ቀን ነው፤ ወራቱም በሮማውያን አቈጣጠር ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ቆንስልም ሆነ ፕሬቶር በነዚህ ችሎቶች አይጠየቅም። የዓመት ሹመቱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ግዛት ለመግዛት ይወጣል፤ በመንግሥት ሥራ ከከተማው የራቀም ሰው በሕግ ይጠበቃል። ስለዚህ አንድ ሰው በምርጫ ጉቦ ተመርጧል የሚል ከሳሽ ያለው ጊዜ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው አምስት ወር ብቻ ነው። ጥር 1 ቀን በሩ ይዘጋል፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚያውቅ የለም። የምርጫና የክስ መቀራረብ በሮም ከሰዎች ክፋት ይልቅ ከዚህ ከሕጉ አሠራር የመጣ ነበር። ሕጉ ለሹሙ ክብር ሲል ባለሥልጣኑን ከክስ ሲከልል፥ ክሱን ሁሉ ገፍቶ በምርጫው ደጃፍ ላይ አከማቸው።

ጊዜን ለራሱ ጥቅም የሚመርጠው ከሳሽ ብቻ እንዳልነበረ የቬሬስ ነገር ያስረዳል። ቬሬስ ከ73 እስከ 71 ዓመት የሲሲልያ ገዥ ሆኖ አገሩን ዘረፈ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የተባለው የአማርኛ ተረት ለእንደዚህ ያለው ሹም የተነገረ ይመስላል። በ70 ዓመት የሲሲልያ ከተሞች ጠበቃ አድርገው ያቆሙት ሲሴሮ ከሰሰው። ለማስረጃ ፍለጋ 110 ቀን ተፈቅዶለት ሳለ በ50 ቀን ጨርሶ ተመለሰ። የሚያስቸኵለው ምክንያት ነበረው። በዚያው ዓመት ምርጫ የቬሬስ ጠበቃ ሆርቴንስዩስና የቬሬስ ወዳጅ ኲንቱስ ሜቴሉስ ለ69 ቆንስሎች ሆነው ተመርጠዋል፤ ማርኩስ ሜቴሉስ ደግሞ በዕጣ ይህንኑ ችሎት በሚመጣው ዓመት እንዲመራ ደርሶታል። የቬሬስ ወገኖች ነገሩን በበዓላትና በቀጠሮ እያጓተቱ ጥር እስኪገባ ለማድረስ ተስማሙ። ሲሴሮም በነሐሴ 5 ቀን ችሎቱ ሲከፈት፥ በልማዱ የሚቀርበውን ረጅም ንግግር ትቶ ወዲያውኑ ምስክሮቹን አቆመ፤ ቬሬስም ፍርዱን ሳይጠብቅ ወደ ማርሴይ ተሰደደ። እዚህ ላይ ሲሴሮ ራሱ በዚያው በጋ የኤዲል ሹመት ዕጩ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ክሱ ለምርጫው ጠቅሞታል፤ በዚህም የቬሬስ ዝርፊያ አልቀነሰም።

በምርጫ ጉቦ የሚቀርበውን ክስ ሮማውያን አምቢቱስ ይሉታል፤ ቃሉ መዞር ማለት ነው፥ ዕጩው ድምፅ ለመለመን በሰው መካከል የሚያደርገውን መዘዋወር የሚያመለክት። በ67 ዓመት የወጣው የካልፑርንዩስ ሕግ በዚህ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ከሽማግሌዎች ሸንጎ ከሴናት እንዲወጣና ዳግመኛ እንዳይሾም አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት ለ65 ቆንስሎች ሆነው የተመረጡት አውትሮንዩስና ፑብልዩስ ሱላ በዚሁ ሕግ ተከሰው ተፈረደባቸው፤ በቦታቸውም የከሰሷቸው ወገኖች፥ ኮታና ቶርኳቱስ፥ ተመረጡ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ የከሳሽ ጥቅም ሊገኝ አይችልም። በዚያው ሰሞን ካቲሊና አፍሪቃን ሲገዛ በፈጸመው ዘረፋ ሊከሰስ በመሆኑ ዕጩነቱን ሳይቀበሉት ቀሩ፤ በ65 ተከሶ ነጻ ወጣ፤ በ64ና በ63 ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ወደቀ። የኋላ ሥራው በሌላ ቦታ የታወቀ ነው።

የዚህን ሁሉ ውስብስብነት በአንድ ችሎት ሰብስቦ የሚያሳየው የሙሬና ነገር ነው። በ63 ዓመት ሲሴሮ ራሱ ቆንስል ነበር። ለሚመጣው ዓመት የተወዳደሩት ዋናዎቹ ሰዎች አራት ናቸው፤ ሲላኑስ፥ ሙሬና፥ ታላቁ የሕግ ሊቅ ሰርቭዩስ ሱልፒክዩስ፥ ካቲሊናም። ሙሬና በእስያ ጦርነት ከሉኩሉስ ጋር የዘመተ ወታደር ነው፤ የሉኩሉስ ወታደሮችም ለድል በዓሉ በዚያው ዓመት ወደ ከተማ ገብተው ነበርና ድምፃቸውን ሰጡት። በፕሬቶርነቱ ያሳየው ጨዋታም አልተረሳም። ሲላኑስና ሙሬና ተመረጡ። የተሸነፈው ሱልፒክዩስ ሙሬናን በጉቦ ከሰሰ፤ ካቶም ከእርሱ ጋር ቆመ። ለተከሳሹ ሆርቴንስዩስ፥ ክራሱስና ሲሴሮ ተከራከሩ። ሲሴሮ በዚያው ዓመት የአምቢቱስን ቅጣት ወደ ዐሥር ዓመት ስደት ያከበደውን ሕግ ያወጣ ሰው ነው፤ አሁን በዚያው ሕግ የተከሰሰውን ሰው ለማዳን ተነሣ።

የክሱ ቃል ለባህል ተመራማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። ሙሬና ከጠቅላይ ግዛት ሲመለስ ብዙ ሰው ወጥቶ ተቀበለው፤ ሲሄድ ብዙ ሰው አጀበው፤ በጨዋታ ቀን ለየነገዱ መቀመጫ ተሰጠ፤ ሕዝቡም ግብዣ ተጋበዘ። ሴናት በሲሴሮ አሳቢነት አጃቢው ወይም ተቀባዩ በገንዘብ የተቀጠረ ከሆነ፥ መቀመጫውና ግብዣውም በጅምላ ለነገድ ሁሉ የተሰጠ ከሆነ ወንጀል ነው ብሎ ወስኖ ነበር። ሲሴሮ ግን በችሎቱ ይህ ሁሉ የቈየ ልማድ ነው፤ ድኻው ለታላቁ ሰው ውለታ የሚመልስበት ሌላ መንገድ የለውምና አጀባውን አትንፈጉት እያለ ተከራከረ። የጌታ ግብር የት ላይ አልቆ ጉቦ የት ላይ እንደሚጀምር የሚያውቅ፥ ጌቶች በግብር የሚከበሩበትን አገር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሕጉ ድንበሩን በወረቀት ላይ ቢያሰምርም በአዳራሹ ውስጥ መስመሩ አይታይም። ለዚህም ነው አምቢቱስ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ የሚነሣ፥ በሌላው ላይ የሚታለፍ ክስ የሆነው።

ሱልፒክዩስ በሽንፈቱ ተቈጥቶ መክሰሱን ማንም አልተጠራጠረም። ሲሴሮም ይህን አንሥቶ አልነቀፈውም፤ የነቀፈው በሌላ ነው። ዕጩ ሆነህ ሳለ ክስ ስታዘጋጅ ስለታየህ መራጩ ተስፋ የቈረጥህ መሰለውና ተወህ አለው። ይህ አስተያየት ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በሮም ከምርጫው በፊት የተነገረ የክስ ዛቻ ከተከሳሹ ይልቅ ዛቺውን ይጐዳ ነበርና።

የካቶ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ካቶ በሙሬና ላይ ቂም አልነበረውም፤ ለሹመቱም አልተወዳደረም። ጉቦ የሰጠውን ሁሉ እከሳለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት አስቀድሞ ምሎ ነበርና በመሐላው መሠረት ቀረበ። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፥ ሙሬና በካቶ ላይ ያቆመው ጠባቂ ጥቂት ቀን ከተከተለው በኋላ የሰውዬውን ቅንነት አይቶ፥ በየጧቱ ዛሬ ስለ ክሱ የምትሠራው ነገር አለን እያለ ይጠይቀው ጀመር፤ የለም ካለው አምኖት ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ ለከሳሽ የተሰጠ ምስክርነት በሮም ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ያው ፕሉታርክ፥ ካቶ በመሐላው ጊዜ ሲላኑስን ብቻ ለይቶ እንደተወው ጽፎአል፤ ሲላኑስ የካቶን የእናቱን ልጅ ሰርቪልያን ያገባ ዘመዱ ነበርና። ሲላኑስ ጉቦ ሰጥቶ እንደሆነ አይታወቅም። የሚታወቀው አንድ ዕጩ ገና ሳይመረመር ከክስ ውጪ መደረጉ ነው። የከሳሽን ልብ ማየት ለሚሻ ሰው የከሰሰውን ከመመርመር ይልቅ የተወውን መመርመር ይሻላል፤ የሮም ችሎት ግን ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ምንም ሥርዐት አልነበረውም። ጠባቂ የሚቆመው የቀረበው ክስ እንዳይበላሽ ነው፤ ያልቀረበውን ክስ የሚጠብቅ የለም።

ሲሴሮ ከጉቦው ነገር ይልቅ ብዙ ጊዜ የሰጠው ለሌላ ነገር ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ ካቲሊና ከከተማው ወጥቶ በኤትሩርያ ከማንልዩስ ጦር ጋር ተቀላቅሎአል። ሙሬና ቢፈረድበት አዲስ ምርጫ ይደረጋል፤ አዲሱም ምርጫ ቢታወክ ጥር 1 ቀን በካቲሊና ፊት የሚቆመው አንድ ቆንስል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወታደር የሆነውን ቆንስል ከሪፑብሊኩ አትንጠቁ አላቸው። ሙሬና ነጻ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ59፥ ሲሴሮ ፍላኩስ የተባለውን ሰው ሲከላከል፥ በሙሬና ችሎት ከነበሩት ዳኞች ስለ ጉቦው መስማት ይገባል ብሎ ያሰበ አንድም እንዳልነበረ፥ ሁሉም በእርሱ ምክር ሁለት ቆንስሎች ጥር 1 ቀን እንዲኖሩ ማሰባቸውን በኩራት ተናገረ።

ይህ ቃል ከክሱ ሁሉ ይከብዳል። ሱልፒክዩስ ለጥቅሙ ከሰሰ፤ ካቶ ለመሐላው ከሰሰ፤ ሁለቱም ግን ዳኞቹን የጠየቁት ሕጉ የሚጠይቀውን ነው፥ ሰውዬው ጉቦ ሰጥቶአል ወይስ አልሰጠም። ፖለቲካ ወደ ችሎቱ የገባው በከሳሾቹ በር ሳይሆን በጠበቃው በር ነው፤ ዳኞቹም ተቀበሉት። ምናልባት በዚያ ኅዳር ለከተማው ደኅንነት ይህ ፍርድ ይበጅ ይሆናል፤ ብዙ ሊቃውንትም ሲሴሮን ያመሰግኑበታል። ነገር ግን ፍርዱ ምን ያስከትላል የሚለው ጥያቄ ነገሩ እውነት ነውን ከሚለው አንድ ጊዜ ከቀደመ በኋላ፥ ተመልሶ ሁለተኛ ሆኖ አልታየም። ሙሬና በቆንስልነቱ ዘመን የሠራው አንድ ነገር ለክብሩ ይጠቀሳል፤ በ62 ዓመት መጀመሪያ ካቶ በአደባባይ በድንጋይ ሲደበደብ፥ ሙሬና ከሳሹን በልብሱ ጋርዶ ወደ ቤተ ጣዖት አስገብቶ አዳነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነገሩ ከፍቶ ይታያል። በ54 ዓመት ለቆንስልነት የተወዳደሩት ስካውሩስ፥ ሜምዩስ፥ ካልቪኑስና መሳላ እጅግ ብዙ ገንዘብ ስለ ተበደሩ፥ በከተማው የወለድ ልክ ከመቶ 4 ወደ መቶ 8 እንደ ወጣ ሲሴሮ ለአቲኩስ ጽፎለታል። ሜምዩስ ከሥልጣን ላይ ካሉት ቆንስሎች ጋር የተዋዋሉትን የምሥጢር ውል ራሱ በሴናት አነበበው። አራቱም ተከሰሱ።

ከእነርሱ መካከል ስካውሩስ ሰርዲንያን ሲገዛ በፈጸመው ግፍም ተከሶ ነበር። አስኮንዩስ የዚህን ክስ ምሥጢር ይገልጣል። ከሳሹ ትርያርዩስ ማስረጃ ለመፈለግ ወደ ሰርዲንያና ወደ ኮርሲካ የሚሄድበት 30 ቀን ተፈቅዶለት ሳለ አልሄደም። ምክንያቱንም ሲናገር፥ እኛ ስንሄድ ስካውሩስ ከሰርዲንያ በዘረፈው ገንዘብ ቆንስልነቱን ይገዛል፤ እንደ አባቱም ሳይጠየቅ ሥልጣን ይይዛል፤ ከዚያም ሌላ ግዛት ይሰጠዋል አለ። ይህን ያለ ከሳሽ ፖለቲከኛ ነውን? አዎን፥ ምርጫውን ለመቅደም ቸኵሎአል። ሐሰተኛ ነውን? ፍርሃቱ በሕጉ ላይ የተመሠረተ ነበር። ማስረጃ ፍለጋውን በመተዉ ግን ክሱን ራሱ አደከመው፤ ጥድፊያው ከተከሳሹ ይልቅ የሰርዲንያን ሕዝብ ጐዳ። ችሎቱን የሚመራው በዚያ ዓመት ፕሬቶር የነበረው ካቶ ነው። ለስካውሩስ ስድስት ጠበቆች ቆሙለት፤ ከእነርሱም እርስ በርሳቸው ደመኞች የሆኑት ሲሴሮና ክሎድዩስ ይገኙባቸዋል። ከ70 ዳኞች የፈረዱበት 8 ብቻ ሆኑ። ምርጫው ግን ሳይደረግ አዲሱ ዓመት ገባ፤ በ53 ሐምሌ ካልቪኑስና መሳላ ተመርጠው ወዲያው ሥልጣን ያዙ፤ በሥልጣናቸውም ከክሱ ተሸሸጉ። መሳላ ከወረደ በኋላ በ51 ዓመት በሌላ የምርጫ ሕግ ተፈርዶበታል።

በ52 ዓመት ጥር የፕሬቶርነት ዕጩው ክሎድዩስ በቆንስልነት ዕጩው በሚሎ ሰዎች ተገደለ፤ ፖምፔዮስ ብቻውን ቆንስል ሆነ። ሚሎ በሚያዝያ ወር ተፈርዶበት ወደ ማርሴይ ሄደ። ፖምፔዮስ ያወጣው አዲስ የአምቢቱስ ሕግ ችሎቱን አሳጠረ፥ ቅጣቱን አከበደ፥ ወደ ኋላም እስከ 70 ዓመት እንዲመለስ ሆኖ ተጻፈ፤ የቄሣር ወዳጆችም ይህ የቄሣርን ዘመነ ቆንስልነት ለመንካት ነው ብለው አጕረመረሙ። የተፈረደበት ሰው ሌላ ጥፋተኛ ከሶ ቢረታ ይማር ነበርና፥ የወደቀው ሜምዩስ የፖምፔዮስን አማት ሜቴሉስ ሲፒዮን ከሰሰ። ፖምፔዮስም 360ውን ዳኞች ወደ ቤቱ ጠርቶ ለመናቸው፤ ሲፒዮ ከዳኞቹ ጋር ታጅቦ ከአደባባይ ሲመጣ ያየው ከሳሽ ክሱን አነሣ። በዚያው ዓመት ፖምፔዮስ ይህንኑ አማቱን ባልንጀራ ቆንስል አደረገው። ስካውሩስም በዚህ ሕግ ተፈርዶበት ተሰደደ፤ እርሱን ከሲፒዮ የለየው የጉቦው መጠን እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

እንግዲህ የቄሣር ነገር ከዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ነው። ቄሣር በ59 ቆንስል ሳለ የባልንጀራውን የቢቡሉስን ተቃውሞ በኃይል ገፍቶ ሕግ አወጣ። ሥልጣኑን እንዳስረከበ ሊከሱት ሲነሡ፥ በመንግሥት ሥራ ወደ ጋልያ መሄዱን አመልክቶ በትሪቡኖች ረዳትነት ዳነ። ግዛቱ አስቀድሞ ለአምስት ዓመት ተሰጥቶት በ55 ታደሰለት። ለሹሙ ክብር የአንድ ዓመት መከለያ እንዲሆን የታሰበው ልማድ በቄሣር እጅ የዐሥር ዓመት ጋሻ ሆነ። በ52 ዓመት ዐሥሩ ትሪቡኖች በሌለበት እንዲወዳደር የሚፈቅድ ሕግ አወጡለት፤ ይህም ከግዛቱ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ቆንስልነት እንዲሸጋገር ነው። ካቶ ደግሞ ቄሣር ጦሩን ባሰናበተ ጊዜ እከሰዋለሁ ብሎ ደጋግሞ ማለ።

ይህ የክስ ፍርሃት በ49 ዓመት ጥር ቄሣር የሩቢኮንን ወንዝ እንዲሻገር አደረገውን? የሊቃውንት አሳብ የተለያየ ነው። የድሮዎቹ ጸሐፊዎች አዎን ይላሉ። ኤሪክ ግሩን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974፥ ሮበርት ሞርስታይን ማርክስም በ2007 ይህን ተጠራጠሩት፤ ቄሣር ክብሩና የሕዝቡ ስጦታ እንዳይነጠቁበት ተዋጋ እንጂ ችሎትን አልፈራም፥ ያን ያህል የተወደደ ሰውም አይፈረድበትም ነበር ይላሉ። ክርክራቸው ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ ስዌቶንዩስ፥ በስፍራው የነበረውን አሲንዩስ ፖልዮን ጠቅሶ፥ ቄሣር በ48 ዓመት በፋርሳሎስ ሜዳ የወደቁትን ጠላቶቹን አይቶ ያን ሁሉ ከሠራሁ በኋላ ከጦሬ እርዳታ ባልሻ ይፈረድብኝ ነበር ማለቱን ጽፎአል። ይህን በእውነት ፈርቶ ቢናገረው ወይም ሥራውን ለማሳመር ቢናገረው፥ የሚያሳየው ነገር አንድ ነው፤ ለሚሰሙት ሰዎች ምክንያቱ የሚታመን ነበር። ችሎት የቀረበውን ነገር እውነትነት እንደሚመረምር ከእንግዲህ ማንም አላመነም፤ ለሙሬና የራራ ለቄሣር ሊራራ፥ ሲፒዮን የለቀቀም ቄሣርን ሊያስር እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር።

አውግስጦስ በ18 ዓመት ሌላ የአምቢቱስ ሕግ አወጣ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ14 ዓመት፥ በጢባርዮስ መንግሥት መጀመሪያ፥ የሹማምንት ምርጫ ከሕዝቡ ጉባኤ ወደ ሴናት ተዛወረ። በሦስተኛው መቶ ዓመት ሞደስቲኑስ የተባለው የሕግ ሊቅ ስለዚህ ሕግ ሲጽፍ፥ በሮም ከተማ ሥራ ላይ መዋሉ እንደ ቀረ ያስረዳል፤ ሹመት ከንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ከሕዝብ ድምፅ የሚመጣ መሆኑ ቀርቶአልና።